አዲስ ድንጋይ ገብቶም አልሠራ ሲል፦ የባትሪ ቤት ብልሽቶችና መፍትሔያቸው

የኤሲው ሪሞት፣ የትልቋ ማማ የደም ግፊት መለኪያ፣ የወጥ ቤቱ ሚዛን፣ የግድግዳው ሰዓት፣ የልጆቹ መጫወቻ... በምትሠሪበት ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ብዙ ነው። ከነዚህ አንዱ ድንገት ሲቆም «ምን አደረግሽው?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ራሱ አልተበላሸም። ችግሩ ድንጋዩ ላይ፣ ወይም ድንጋዩ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በባትሪ ቤቱ ላይ ነው። በቅደም ተከተል ካየሽው በጥቂት ደቂቃ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ። ክዳኑ የተሰበረ የባትሪ ቤት ግን ለሕፃን ሕይወት አደገኛ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ክፍል ሳታነቢ አትለፊ።

የባትሪ ቤት እንዴት ይሠራል?

የቲቪ ሪሞትም ሆነ የብዙዎቹ ዕቃዎች የባትሪ ቤት አሠራር ተመሳሳይ ነው። በአንድ በኩል ሞላ ወይም ጠፍጣፋ ብረት፣ በሌላ በኩል ሌላ ብረት አለ። ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ሁለቱም ድንጋዩን አጥብቀው ሲነኩት ብቻ ነው። ሞላው ከላላ፣ ብረቱ ከዛገ ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ አዲስ ድንጋይ ብታስገቢም ዕቃው አይነሳም።

በቅደም ተከተል እይ

1. ክዳኑን ስትከፍቺ ምንም ሳትነኪ ለማዳም አሳያት። እሷ ከሌለችና ስልክ መጠቀም ከተፈቀደልሽ የባትሪ ቤቱን ብቻ ፎቶ አንሺ፤ ሰውም ሆነ ቤቱ ፎቶው ውስጥ አይግባ። ዝገቱ የቆየ መሆኑን ያሳይልሻል።

2. አቅጣጫውን አረጋግጪ። ውስጡ ላይ የ+ እና የ− ምልክት አለ። ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋው የድንጋዩ ጫፍ (−) በሞላው በኩል ይሆናል። አራት ድንጋይ በተርታ በሚያያዝበት ዕቃ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ሲሆን ድምሩ 6 ቮልት ነው። አንዱ ብቻ ከተገለበጠ 3 ቮልት ብቻ ይቀራል፤ ዕቃው አይሠራም።

3. አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅዪ። ሲቀየር ሁሉም አንድ ላይ ይቀየር፣ ዓይነታቸውም አንድ ይሁን። አሮጌው ቀድሞ አልቆ ሊፈስ ይችላል። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ቮልት ስለሆነ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

4. ድንጋዩን በጣትሽ ገፋ አድርጊው። ስትገፊው የሚሠራ፣ ስትለቂው የሚጠፋ ከሆነ ሞላው ላልቷል ማለት ነው። ድንጋዩን አውጥተሽ ሞላውን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ሳቢው። ክፍተቱን በአልሙኒየም ፎይል አትሙዪው፤ ቁራጩ ሸርተት ብሎ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ድንጋዩ ይግላል።

5. ድንጋዩን በሌላ በሚሠራ ዕቃ ሞክሪው። እዚያ ከሠራ ድንጋዩ ደህና ነው።

6. ሪሞት ከሆነ የስልክሽን ካሜራ ከፍተሽ ከፊት ያለችውን ትንሽ አምፖል እያየሽ ቁልፉን ተጫኚ። በዓይን የማይታየው ብርሃን በብዙ ስልኮች ካሜራ ላይ ይታያል፤ የፊቱ ካሜራ ይሻላል። ብርሃኑ ከታየ ሪሞቱ ይሠራል፤ ችግሩ ኤሲው ወይም ቲቪው ላይ ሊሆን ይችላል።

የደም ግፊት መለኪያ ስክሪኑ በርቶ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው መንፋት ሲጀምር ከጠፋ፣ ወይ ድንጋዩ ደክሟል ወይ ብረቱ ዝጓል። ፓምፑ ከስክሪኑ ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ድንጋይ ከቀየርሽ በኋላ ቀንና ሰዓቱን አስተካክዪ፤ አለዚያ ሐኪሙ የሚያየው መዝገብ ይሳሳታል።

ድንጋዩ ፈስሶ ከሆነ

በባትሪ ቤቱ ውስጥ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከድንጋዩ የወጣ ፈሳሽ ያመጣው ነው። የአልካላይን ድንጋይ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በባዶ እጅ አትንኪው።

• ጓንት አድርጊ፤ ምግብ ከሚሠራበት ቦታ ራቂ። ድንጋዩን አውጥተሽ በላስቲክ ጠቅልዪው።
• የጆሮ ጥጥ በኮምጣጤ (በዓረብኛ «ኸል») ወይም በሎሚ ጠብታ አርጥበሽ ብረቱን ጥረጊ። ትንሽ አረፋ ቢያወጣ አትደንግጪ።
• በትንሹ በረጠበ ጥጥ ድገሚው፣ ከዚያ በደረቅ። የቀረውን ዝገት በእርሳስ ላጲስ ፈትጊው።
• ዕቃውን ውኃ ውስጥ አትንከሪ። አዲስ ድንጋይ ከማስገባትሽ በፊት በደንብ ይድረቅ።
• ኮምጣጤን ከበረኪና (ክሎሮክስ) ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ፈሳሹ ቆዳሽን ከነካ በብዙ ውኃ ታጠቢ። ዓይንሽ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውኃ አጥበሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሞላው ተሰብሮ ወይም ቀጭኗ ሽቦ ተበጥሳ ካየሽ ግን ተዪው፤ ያ የጥገና ሠራተኛ ሥራ ነው።

ለማዳም እንዴት ትነግሪያታለሽ?

«አል-በጣሪያ ኸርባና፣ አል-ሪሞት ተማም» በያት፤ ድንጋዩ ተበላሽቷል፣ ሪሞቱ ደህና ነው ማለት ነው። «በጣሪያ» በዓረብኛ ባትሪ ነው እንጂ ጣሪያ ላይ ያለ ነገር አይደለም! ያወጣሽውን የፈሰሰ ድንጋይ ሳታሳያት አትጣዪው።

ክዳኑ ከተሰበረ፦ ሕፃን ባለበት ቤት ቸል አይባልም

ትንንሽ ሪሞቶች፣ የወጥ ቤትና የሰውነት ሚዛኖች፣ የስኳር መለኪያዎች፣ የሚዘፍኑ መጫወቻዎች ብዙዎቹ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ድንጋይ ይጠቀማሉ። ክዳኑ ከላላ ወይም ብሎኑ ከጠፋ ድንጋዩ ወድቆ ሕፃን ይውጠዋል። ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ውስጡን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ያለቀ ድንጋይም ቢሆን አደገኛ ነው። ክዳኑ የማይገጥም ዕቃ ካየሽ በፕላስተር ለጥፈሽ አትተዪው፤ ከልጁ አርቂውና ለወላጆቹ ተናገሪ።

ልጁ ውጦ ከሆነ፣ ወይም ድንጋዩ ጠፍቶ ከጠረጠርሽ፣ «ይቆጡኛል» ብለሽ አትደብቂ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ አንዳንዱ ልጅ ምንም ምልክት አያሳይም። ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስታወክና ሳል ሊታዩ ይችላሉ። እንዲያስታውክ አታድርጊ፤ ምግብም አትስጪው። ወዲያው ለወላጆቹ «በለዕ በጣሪያ!» በዪ፤ ባትሪ ዋጠ ማለት ነው። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። የድንጋዩ ማሸጊያ ወይም ተመሳሳይ ድንጋይ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ዓይነቱን ያውቅበታል።

አምቡላንስ ለመጥራት፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ (ቀይ መስቀል) 140። ያለሽበትን አገር ቁጥር ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።