ስሜን ልቀይር ብሎ ንጉሥን መለመን

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ የውጭ አገር ፎርም ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ግራ አልገባችሁም? እኛ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚሻገር የቤተሰብ ስም አብዛኞቻችን የለንም።

የዛሬ 250 ዓመት ገደማ በጀርመን ምድር ይኖሩ የነበሩ ብዙ አይሁዳውያንም እንደኛው ነበሩ። ስመ ጥሩውን ፈላስፋ ሞሰስ ሜንደልስዞንን ውሰዱ። ስሙ ሲተረጎም «ሙሴ የሜንደል ልጅ» ማለት ነው፤ የአባቱ ስም ሜንደል ነበር፣ በቃ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ግብር ለሚሰበስብና ወታደር ለሚመለምል መንግሥት እንዲህ ያለው ስም አይመችም። ስለዚህ ዋና ከተማው በርሊን የነበረው የፕሩሺያ መንግሥት በ1812 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዋጅ አወጣ። አይሁዳውያን ዜግነት ያገኛሉ፤ ነገር ግን በስድስት ወር ውስጥ ቋሚ የቤተሰብ ስም መምረጥ አለባቸው። አንዳንዱ የአባቱን ስም አጸና፣ ሌላው የትውልድ ከተማውን ስም ያዘ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በሩ ተዘጋ። የ1822 የንጉሡ ትእዛዝ፣ ያለ ንጉሡ ፈቃድ የቤተሰብ ስሙን የቀየረ ማንኛውም ሰው 50 ታለር ይከፍላል ወይም አራት ሳምንት ይታሰራል አለ። ትእዛዙ ለክርስቲያኑም ለአይሁዳዊውም ነበር። ዱላው ግን በሁሉም ላይ እኩል አላረፈም።

ለምን? መልሱን «ኮን» በሚለው ስም ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኮን የመጣው «ኮሄን» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። እኛ «ካህን» የምንለው ማለት ነው፤ ቃሉ አንድ ነው! የካህናት ዘር መሆንን የሚናገር የክብር ስም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን የአይሁድ ጥላቻ ሲበረታ መሳለቂያ ሆነ። ልጆች ትምህርት ቤት ይሰደቡበታል፣ አዋቂዎች ሥራ ያጡበታል። ስለዚህ ብዙዎች ለባለሥልጣናት ማመልከቻ ጻፉ፦ እባካችሁ፣ ስማችንን እንቀይር።

መልሱ ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ነበር፤ ስሙ ከተቀየረ ሰውየው አይሁዳዊ መሆኑ አይታወቅም ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በ1871 ጀርመን አንድ አገር ስትሆን አይሁዳውያን በሕግ ከማንም ዜጋ እኩል ነበሩ። ሕጉ ልዩነቱን ከሰረዘው፣ ባለሥልጣኑ ልዩነቱን በስም ይዞ ማቆየት ለምን አስፈለገው?

ክርክሩ ቀደም ብሎም ተነስቶ ነበር። በ1836 የፕሩሺያ ንጉሥ አይሁዳውያን ለልጆቻቸው «የክርስቲያን ስም» እንዳያወጡ አዘዘ። የበርሊን አይሁዳውያን ማኅበረሰብም ሊዮፖልድ ሱንስ የተባለውን ሊቅ ጉዳዩን እንዲያጠና ጠየቀው። በ1837 የወጣው መጽሐፉ፣ አይሁዳውያን ከጥንት ጀምሮ ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ስም ሲወስዱ እንደኖሩ አሳየ። ለምሳሌ አሌክሳንደር የግሪክ ስም ነው፤ አይሁዳውያን ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ይጠሩበታል። በተቃራኒው ደግሞ «ክርስቲያናዊ» የሚባለው ዮሐንስ ራሱ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው። ታዲያ የማን ስም የማን ነው?

ሱንስ በመረጃ ሞገተ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1938 የናዚ መንግሥት፣ ስማቸው እሱ ባወጣው «የአይሁድ ስሞች» ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ አይሁዳውያን ሁሉ ወንዶቹ «እስራኤል»፣ ሴቶቹ «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ አስገደደ። ሰዎቹን ለይቶ ለማሳደድ እንዲመቸው ነው።

እንግዲህ ስም ይዛችሁ የምትዞሩት እናንተ ብትሆኑም፣ መዝገቡ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው። እነዚያ አመልካቾች የለመኑት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ልጃቸው በክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አንገቱን እንዳይደፋ ብቻ ነው።