ከእንጥል ቆራጩ እስከ ቶንሲሉ ቫይረስ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአማኑኤል፣ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ገጠር፣ የሰው አፍ ከፍቶ ማየት የጥርስ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የቆየ ሥራ ነው። ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት እንቢ ሲል እንጥሉ ይቆረጥ ነበር፤ ትኩሳትና ተቅማጥ ሲበረታበት ገና ያልበቀለ ጥርሱ «ግግ» ተብሎ ይወጣ ነበር። የልጃገረዶች ድድም ይነቀስ ነበር፣ ለውበትም ለድድ ጥንካሬም ተብሎ። ልጅን ለማዳን በማሰብ የተደረገው ይህ ሁሉ ደም አፍስሷል፣ ቁስል አመርቅዟል፤ ዛሬ ከጎጂ ልማዶች ይቆጠራል።

በዓይን የማይታየው የአፍ ጠንቅ ግን ሳይታወቅ ቆየ፤ ይህም ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው ቫይረስ ነው። የጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1983 ኤች.ፒ.ቪ. 16ን ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ ለየ፤ ሱር ሐውዘንም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመራማሪዋ የሞራ ጊሊሰን ጥናት ይኸው ቫይረስ ከቶንሲልና ከምላስ ሥር ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና አሳየ።

ታዲያ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሁሉ ይመርመር? አፍ ተጉመጥምጦ በተተፋ ፈሳሽ ቫይረሱን ማግኘት ይቻላል። ሆኖም አብዛኛው ሰው ቫይረሱን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይታከም ያስወግደዋል፤ ውጤቱ ማን ካንሰር እንደሚይዘው አይናገርም። በዚህ የተነሳ ለጤነኛ ሰው የሚመከር የአፍ ኤች.ፒ.ቪ. ምርመራ የለም። ለአማኑኤል ሰው የሚጠቅመው የማይድን የአፍ ቁስልና የአንገት እብጠት ሳይዘገይ መታየቱ ነው።

የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። የጉሮሮው ካንሰር ይበልጥ የሚያጠቃቸው ወንዶች ግን ያኔ አልተካተቱም።