የይፋት ቆላ ጣራዎች፦ ከኖራ ፍርስራሽ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ ያልፋል። ዋሻውን የሠሩት ጣልያኖች ናቸው፤ እስከ ዛሬ «የሙሶሎኒ ዋሻ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ መኪናው ቁልቁል ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ደጋ ላይ የደረባችሁትን ጃኬት አውልቃችሁ ክንዳችሁ ላይ ታንጠለጥላላችሁ። የቤቶቹ ጣራ ግን ምንም አያወልቅም፣ ምንም አይደርብም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ሲጠብቅ ያያችሁት ቆርቆሮ ያው ራሱ እዚህ ፀሐይ ይጠብቃል።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ዲግሪዬ ግን የኢንጂነሪንግ ስለሆነ ሙቀት በግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ ቀመር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል። ይህን ቀመር ይዞ ይፋትን ማየት ሌላ ታሪክ ያሳያል። ስለ ይፋት ሲወራ ስለ ጦርነትና ስለ ንግድ እንጂ ስለ ቤት ብዙ አይወራም።

ይፋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚነሳው የቅፍለት መንገድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬል እና በርትራን ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን የታሪክ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በአካባቢው የሚገኙ የድንጋይ ከተሞችን ፍርስራሽ አጥንተው ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ አሳትመዋል። ከነዚህ መካከል አስባሪና ኖራ ይገኙበታል (ግድግዳ የምንቀባው ኖራ አይደለም፣ የከተማ ስም ነው)። ኖራ ላይ የመስጊዱ የድንጋይ ግድግዳ አሁንም ቆሟል። ጣራው የለም። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሯል ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር ከ1,200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ገበያ ላይ ያለው ስስ ቆርቆሮ፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት ኪሎ አይሞላም። አንድ ዲግሪ ለማሞቅ ድንጋዩ ከቆርቆሮው ከሺህ ጊዜ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በዚህ ላይ ድንጋይ አይቸኩልም። የቀኑ ሙቀት እንዲህ ያለውን ግድግዳ አቋርጦ ውስጥ እስኪደርስ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሲደርስም ከውጪው መዋዠቅ ውስጡ የሚሰማው ከመቶ አምስት እጅ ቢሆን ነው። የቀትሩ ትኩሳት እኩለ ሌሊት ላይ፣ ያውም ደክሞ ይገባል። ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ባፈር የምንለው ነገር ነው፤ ጥድፊያን ተቀብሎ ቀስ አድርጎ የሚለቅ።

አርጎባዎች ይህን ዕውቀት አልጣሉትም። ከሚሴ አካባቢ ተራራ ላይ ያለችው ሾንኬ መንደር ዛሬም በድንጋይ ቤቶቿ ትታወቃለች፤ ጣራቸው በእንጨት ተረብርቦ አፈር የለበሰ ነው። የትግራይ ህድሞ በአሠራር ይቀርበዋል።

ታዲያ ቆላው ሁሉ ለምን በድንጋይ አልሠራም? ምክንያቱም የአፈር ጣራ እንጨት ይበላል። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከም ወፍራም ወራጅ ያስፈልጋል፤ በየክረምቱ ዋዜማ ደግሞ አፈሩ መደምደም፣ መጠቅጠቅ አለበት። ስለዚህ የብዙው ሰው ቤት ጎጆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲወጣ ያገኘው መንደር የሣር ክዳን ነው። ሣር ክብደት ባይኖረውም በአገዳዎቹ መካከል የታሰረው አየር ሙቀትን ይይዛል። ክፍተቱ ጢሱን ያስወጣል፣ ጢሱ ደግሞ ነቀዙን ያባርራል። በጥላው ስር የሚቀመጥ ሰው አናቱ አይግልም።

ይህን ለአክስቴ ሳወራላት ሳቀችብኝ። ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው።

«ሣሩን አንተ ታጭድልኛለህ?» አለችኝ። «ደግሞ ጎረቤት እሳት ሲነሳ አንተ ቆመህ ታያለህ?»

እውነቷን ነው። ግጦሹ ማሳ ሲሆን የክዳን ሣር ጠፋ። ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ብልጭታ ይበቃዋል። ቆርቆሮ ግን አንዴ ከተመታ ዓመታት ይቆያል፣ ንጹሕ ውኃ በአሸንዳ ይሰጣል፣ ቤት ሲፈርስ ተነቅሎ ይሸጣል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው የባላባት ዕቃ፣ የጂቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰና የመኪና መንገድ ከተዘረጋ በኋላ የሁሉም ሆነ። ሰው ቆርቆሮን የመረጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ስለ «ባህላዊ ጥበባችን» ስንጽፍ ይህን ብንረሳ ሐሰት እንጽፋለን።

ዋጋው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣራ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ኮርኒስ ከሌለ ያ ብረት ከላይ ሆኖ እንደ ምጣድ በቀጥታ ሰውነት ላይ ያበራል፤ መስኮት ብትከፍቱም ጨረር በንፋስ አይወሰድም። ለቆርቆሮ ፍትሕ ለመስጠት፣ ማታ ቶሎ ይበርዳል። ቀን ሙቀት የጠጣው የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ግን ገና ያተነፍሳል። በርና መስኮት ደግሞ ሌባና ትንኝ ስለሚፈራ ተዘግቷል። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ጊዜ የማይቻል ነው፤ ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ይተኛል።

ሸዋ ሮቢት የወባ አገር ናት። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ ደግሞ ውጪም፣ በጊዜም ትናከሳለች። አጎበሩ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሰውዬው ውጪ ነው። ስለ ጣራ የማወራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ምስጥ ነው። የጭቃ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው፤ ማገሩና ምሰሶው በጭቃ ተሸፍኖ ስለሚቆም ምስጡ ሲበላው ማንም አያይም፣ አንድ ቀን ግድግዳው ያዘነብላል። ባህር ዛፍ ሲሆን ይብሳል። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ማሳረር ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጊዜ ይገዛል። ጣራው ወጣ ያለ ክፈፍ ከሌለው የዝናቡ ፍንጣቂ የግድግዳውን እግር ያጥበዋል፤ እርጥብ እግር ለምስጥ ግብዣ ነው። የኖራ ግድግዳ ጣራ አጥቶ እንኳ የቆመው ውስጡ የሚበላ ነገር ስለሌለ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ያለችው አጣዬ ብዙ ቤቶቿ ተቃጠሉ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው እርዳታ ቆርቆሮና ሚስማር ነው፤ ክረምት አይጠብቅማ። በዚያ ቀን ስለ ግድግዳ ውፍረት የሚናገር ኢንጂነር ዝም ቢል ይሻለዋል። ግን ከተመታው ቆርቆሮ በታች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ከወገብ በታች የድንጋይ ግንብ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል የወጣ ክፈፍ፣ ከጫፉ ስር ወንፊት የለበሰ የአየር መውጫ፣ ሲቻል ነጭ የጣራ ቀለም።

ከሁሉም የሚርከሰው አክስቴ ቤት አለ። ነጭ የማዳበሪያ ከረጢቶችን ፈትታ፣ አጥባ፣ ሰፍታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥራቸዋለች። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ጨረር ይጋርዳሉ። ግድግዳውና ጣራው የማይገናኙበትን ክፍተት ስለሚዘጉም ትንኟ የምትገባበት ቀዳዳ ይቀንሳል። እሷ የወጠረችው አቧራና የጣራ ላይ አይጥ እንዳይወርድባት ብላ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አልጋዋን ደጅ አላወጣችም።