እራፊ ለግድግዳ

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ግድግዳ ነው። የጭቃም የድንጋይም አይደለም፤ ኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ስላለ ግድግዳ፣ እሱንም በእራፊ እየጣፉ ስላኖሩት ሰዎች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ነው። ኢድ ሶፍትዌር የሚባል ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት ዎልፈንስታይን ስሪ ዲ የተባለ ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው ሰው እንዲነካካው ተብሎ አልተሠራም፤ ተጫዋቾቹ ግን ፋይሉን ፈልቅቀው ገቡና የራሳቸውን ሥዕል አስገቡበት። ክፉውን አለቃ አንሥተው በቦታው ባርኒን፣ ያንን ወይን ጠጅ የልጆች ቴሌቪዥን ዳይኖሰር፣ ያቆሙም ነበሩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አዲሱ የሚጻፈው በአሮጌው ላይ ስለሆነ የፊተኛው ሥዕል ይጠፋል።

የድርጅቱ ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ይህን ሲያይ መቆጣቱ ቀርቶ ደስ አለው። በር ሠራላቸው። ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ዱም የተባለው ጨዋታቸው ሲወጣ ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ ካርታውም ጨዋታውን ከሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ከሞተሩ፣ ተለይቶ «ዋድ» በሚሉት ፋይል ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። የራስህን ትንሽ ዋድ ሠርተህ ከጎኑ ታስነሣዋለህ፤ ስሙ ከጨዋታው ሥዕል ስም ጋር ከገጠመ ያንተ ይቀድማል። ያንተን ስታወጣው የጥንቱ ሳይነካ እዚያው አለ። ከጭራቁም ከጠመንጃውም ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ይኼ ነው። ወራት ሳይቆይ ኒውዚላንድና ቤልጂየም ያሉ ሰዎች ተባብረው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም አወጡና በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አሁን ወደ እራፊው ልምጣ። የዱም ግድግዳ አንድ ወጥ ሥዕል አይደለም። አራት ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ባለው ኮምፒውተር እንዲሠራ ታስቦ ነውና፣ ትንንሽ ሥዕሎች ጎን ለጎንና በላይ በላይ እየተጣፉ አንድ ግድግዳ ይወጣቸዋል። አንዱ የቧንቧ ሥዕል አሥር ዓይነት ግድግዳ ላይ ሊመጣ ይችላል። የጨዋታው ሠሪዎች ራሳቸው እነዚህን ቁራጮች «ፓች» አሏቸው፤ እራፊ ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ ያገኙትን ነው የጣፉት። ከግድግዳዎቹ አንዱ ከእባብ ቆዳ ቡት ጫማ የተቀዳ ሥዕል ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ አዲስ ግድግዳ ሲሠራ አስቡት። ስፋቱ 64፣ ቁመቱ 128 ነጥብ ነው። ቀለሙ 256 ብቻ፤ እነሱም ቢሆኑ በአብዛኛው ቡናማ፣ ግራጫና ቀይ ናቸው። የሚያምር ወይን ጠጅ መጋረጃ ፎቶ ያመጣና ወደዚያ የቀለም ገበታ ሲለውጠው መጋረጃው ጭቃ ይመስላል። እንደገና በእጁ፣ ነጥብ በነጥብ ይቀባል። ብርሃን ላይ ያማረው ጨለማ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሞተሩ እያንዳንዱን ቀለም ሲያጨልም የሚመርጠው ከዚያው ከ256ቱ ውስጥ ነውና፣ ለስላሳው ጥላ ድንገት ነጠብጣብ ይሆናል። ቁመቱን ካሳጠረውና ረጅም ግድግዳ ላይ ከለጠፈው ከሥሩ ዥንጉርጉር ቆሻሻ ይወጣል። ከብዙ እራፊ የተጣፈውን ግድግዳ በሁለት ክፍል መሃል እንደ ፍርግርግ ከሰቀለው ደግሞ ወየው! ሞተሩ ቀለሙን የቀዳዳ ምልክት አድርጎ ያነብና ጨዋታው ሊቆም እስኪደርስ ይጎተታል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ያወጡለት ስም «ሜዱሳ» ነው፤ ያያትን ሁሉ ድንጋይ በምታደርገው በግሪኮቹ ተረት ሴት።

ይህን ሁሉ አልፎ የተሠራውን ሰው በነጻ ይሰጠው ነበር። ዋዱ ዚፕ ተደርጎ፣ ከጎኑ አንዲት የጽሑፍ ፋይል ተቀምጣ፣ በስልክ መስመር ሞደም እየጮኸ ይጫን ነበር። ያቺን የጽሑፍ ፋይል አትናቋት። ማን እንደሠራው፣ ከማን ምን እንደወሰደ፣ ሌላው ሰው ወስዶ ይለውጠው ዘንድ መፈቀድ አለመፈቀዱ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ሥዕሉን ወስዶ የባለቤቱን ስም መተው ነውር ነበር፤ ዛሬም ነውር ነው፤ እኔም ነውር ነው እላለሁ።

እንዲያም ሆኖ እራፊና እራፊ ይጣላል። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ተጣፍቶ ምን ግድግዳ እንደሚሆን የሚናገረው አንድ ዝርዝር ነው። ከሁለት ሰው ሁለት ዋድ ብታመጣ በጥንቱ ሞተር የኋለኛው ዝርዝር የፊተኛውን ይሽረዋል፤ ካርታው የሚፈልገው ግድግዳ ስሙ ሲጠፋ ጨዋታው ስህተት ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች የብዙ ሰዎችን ሥዕል ሰብስበው፣ የተደጋገመውን ስም ለይተው፣ ከስምንት ፊደል በማይበልጥ አዲስ ስም ጠርተው፣ አንድ ዝርዝር አድርገው ለካርታ ሠሪው ያቀርቡለታል። የማይታይ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ሲሮጥ ግድግዳውን እንጂ ዝርዝሩን አያይም።

በ1997 መጨረሻ የዱም ኮድ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ሥዕሎቹ ግን የድርጅቱ ንብረት ሆነው ቀሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፍሪዱም የሚባል ሥራ ተጀመረ፦ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ወለል፣ በርና ጭራቅ ከባዶ ሠርቶ ለማንም በነጻ መስጠት። አዲሱ ሥዕል የጥንቱን ስም ይይዛል፣ የጥንቱን ልክ ይጠብቃል። ስለዚህ በ1994 አንድ ተማሪ የሠራት ካርታ ዛሬ ፍሪዱም ላይ ስትከፈት በሩ በበሩ ቦታ፣ ቧንቧው በቧንቧው ቦታ ይቆማል፤ የለበሰችው እራፊ ግን ተማሪው በዚያን ጊዜ ያላየው፣ ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ነጥብ በነጥብ የቀባው ነው።