ሁለት ዓይን ያለው ጀግና

በአገራችን የቆየ የሥዕል ባህል መልካሙን ከክፉው ለመለየት ዓይን መቁጠር ይበቃል። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ።

ይህ ደንብ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ጦር ሜዳ ገብቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋ ጦርነት የሚያሳዩትን ሥዕሎች ተመልከቱ። ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ከላይ ደግሞ ዕለቱ መታሰቢያው የሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስ። የእኛ ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይን አላቸው፤ ጣሊያኖቹ አንድ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ወገኑ እንደሆነ አይጠፋውም።

የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሳጥኖች ተከፍሎ ይሣላል። ሳጥን ሳጥንን እየተከተለ ይተርካል። ዛሬ በስልካችሁ የምታነቡት የጃፓን ማንጋም የሚተርከው እንዲሁ ነው። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለቴ አይደለም፤ ግን ዘመዳሞች ይመስላሉ።

ማንጋም ዓይን ይወዳል። ሕክምና የተማረው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1952 የጀመረው አስትሮ ቦይ ዓይነ ትልቅ ሮቦት ልጅ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ለጠላትም ሁለት ዓይን ሰጡት። ከ1999 እስከ 2014 የታተመውን ናሩቶን ያነበባችሁ ጋራን ታስታውሳላችሁ። ናሩቶ ሊገድለው በመጣው ልጅ ፊት ላይ የራሱን ብቸኝነት ያያል።

ይህ ጋምቤላ ላይ ሲነበብ ይከብዳል። አኙዋክና ኑዌር በመሬት፣ በግጦሽና በውሃ ደም የተቃባንበት ጊዜ አለ። ጀግናው ማን እንደነበር በየመንደሩ የሚተርከው የራሱ ወገን ነው፤ የአንዱ ጀግና በሌላው ተረክ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የምትሥሉ ልጆች ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ሰይፍ የሌለውን አንፓንማንን ነው። ፈጣሪው ታካሺ ያናሴ እ.ኤ.አ. በ1919 ተወለደ፤ በጦርነቱ ዘመን ቻይና ዘምቶ ረሃብን ቀመሰ፤ ታናሽ ወንድሙንም በዚያው ጦርነት አጣ። ትናንት ፍትሕ የተባለው ጦርነት በማግስቱ ጥፋት ሲባል የሰማ ትውልድ ነው። የተራበን ማብላት ግን የትም ቢሆን የማይገለበጥ ፍትሕ ነው ብሎ አመነ። በ1973 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ የጀግናው ራስ በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ዳቦ ነው። የተራበ ሲያገኝ ከፊቱ ቆርሶ ይሰጣል፤ ጋጋሪው አዲስ ራስ እስኪጋግርለትም ይደክማል። አዋቂዎች መጽሐፉን አልወደዱትም ነበር፤ ሕፃናት ግን ገጹ እስኪያልቅ ደጋግመው አስነበቡት። ያናሴ በ2013፣ በ94 ዓመቱ ሲሞት አንፓንማን በጃፓን ቴሌቪዥን ገና ፊቱን እየቆረሰ ያድል ነበር።