የፕሮፔለር ምርጫ በታሪክ፤ ከራትለር መርከብ እስከ ፖንቱን ጀልባ

ስለ መርከብ ፕሮፔለር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ያነሣሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አፕሪል 3 ቀን 1845 ሁለት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የእንፋሎት መርከቦች፣ ባለ ፕሮፔለሩ ራትለርና ባለ መንኰራኵሩ አሌክቶ፣ ጀርባ ለጀርባ ታስረው ተጓተቱ። ራትለርም አሌክቶን በሰዓት ከሁለት የባሕር ማይል በላይ ወደ ኋላ እየጐተተ ሄደ። ከዚህ የተነሣ ፕሮፔለር መንኰራኵርን ያሸነፈው በዚያ ጉተታ ነው የሚል አሳብ ጸንቶ ቈየ። እኛ ግን ነገሩ ቀደም ብሎ በሌላ መንገድ ተፈትኖ እንደ ነበረ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በ1836 እንግሊዛዊው ገበሬ ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝና ስዊድናዊው መሐንዲስ ጆን ኤሪክሰን፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሳብ፣ በለንደን የፈጠራ መብት አወጡ። የስሚዝ ፕሮፔለር እንደ ረዥም ብሎን ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ እንጨት ነበረ። በ1837 በቦይ ውስጥ ሲሞከር ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ፤ ጀልባይቱ ግን በመዘግየት ፈንታ ፈጠነች። ስለዚህ ረዥም ብሎን የበለጠ ይገፋል የተባለው ግምት ፈረሰ።

የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ከዚህ በኋላ ነገሩን በግምት አልተወውም። ራትለር በ1843 ውሃ ላይ ከወረደች ጀምሮ ልዩ ልዩ ፕሮፔለሮች በየተራ ተገጥመውባት ተፈተኑ። የስሚዝንም ፕሮፔለር ደረጃ በደረጃ እያሳጠሩ ሞከሩት። መርከቢቱና ሞተሯ ሳይለወጡ ፕሮፔለሩ ብቻ ስለ ተለወጠ፣ የፍጥነቱ ልዩነት ከምን እንደ መጣ በግልጽ ታወቀ። ጉተታው ግን ይህን ያህል ማስረጃ አይሰጥም፤ የራትለር ሞተር ያወጣ የነበረው ኃይል ከአሌክቶ ይበልጥ ነበርና። መሥሪያ ቤቱም ከጉተታው በፊት ሌሎች ባለ ፕሮፔለር መርከቦች እንዲሠሩ አዝዞ ነበር። እንግዲህ ጉተታው ለሕዝብ ማሳያ እንጂ የውሳኔው ምክንያት አልነበረም ማለት እንችላለን።

ይኸው ጥያቄ ወደ ትንንሽ ጀልባዎችም ደረሰ። ከኖርዌይ የመጣው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። በ1950ዎቹም መጀመሪያ በሚኒሶታ ሐይቆች ላይ ፖንቱን ጀልባ፣ ማለት በተደፈኑ ባዶ ቱቦዎች ላይ ወለል የተዘረጋበት ጀልባ፣ ተሠራ። ይህ ዓይነት ጀልባ ብዙ ሰው ይጭናል፤ ውሃውም በብርቱ ይይዘዋል። ለቀላል ፈጣን ጀልባ የተሠራ ፕሮፔለር ቢገጠምለት ሞተሩ ይጨነቃል።

ፕሮፔለር በዲያሜትሩና በፒቹ ይለካል። ፒች ማለት ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ፣ ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለው ርቀት ነው። ለፖንቱን ጀልባ ዘወትር የሚስማማው ፒቹ አነስ፣ ዲያሜትሩ ሰፋ ያለው ነው። ነገር ግን መጨረሻውን የሚወስነው ሙከራ ነው፤ ጀልባይቱ የተለመደ ጭነቷን ይዛ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ፣ በደቂቃ የሚዞረው ቍጥር የሞተሩ ፋብሪካ ከወሰነው ጋር ይተያያል። ቍጥሩ ካነሰ ፒቹ ይቀነሳል፤ ከበለጠም ይጨመራል። የአንድ ኢንች ፒች ለውጥ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ያለያያል። ባዶ ጀልባ መፈተን ግን ያሳስታል፤ ሰው ሲሳፈርባት መልሱ ይለወጣልና።

ከዚህ የምንረዳው፣ በራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ፕሮፔለር እንደሌለ ነው፤ የሚበልጠው ለመርከቡ፣ ለሞተሩና ለጭነቱ የተስማማው ነው። ታሪክ ለምንማር ለእኛ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለው። ዓይን የሚስብ አንድ ቀን፣ የብዙ ወራትን ትዕግሥተኛ ሥራ እንዳይሸፍንብን መጠንቀቅ ይገባናል።