ከስም መጥሪያ እስከ ውጤት መግለጫ፤ የተማሪዎች ክትትል ታሪክ በጅቡቲ ከተማ ኮሌዦች

የትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ በመጀመሪያ የሚነሣው የሕንፃው ግዝፈት፥ የመምህራኑ ብዛትና የተመራቂዎቹ ዝና ነው። ነገር ግን በማናቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ ከሕንፃው ይልቅ ስለ ሥራው እውነቱን የሚናገር አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም መምህሩ በየማለዳው የሚገልጠው የስም መጥሪያ መዝገብ ነው። ማን መጣ፥ ማን ቀረ፥ ማን በረታ፥ ማን ደከመ ብሎ መጻፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የተጻፈው ለማን እንደሚነገር፥ ሰሚውም ምን እንደሚያደርግበት የተመረመረ እንደ ሆነ፥ አንድ አገር ስለ ልጆቹ ያለው ሐሳብ በዚያ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ለዚህም የጅቡቲ ከተማ ታሪክ መልካም ምስክር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ «ኮሌጅ» ሲባል ሁለተኛ ደረጃን የፈጸመ ወጣት የሚገባበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ስሙን ያገኘው በዚሁ ትርጉም ነው። በጅቡቲ ግን ቃሉ የመጣው ከፈረንሳዮች ስለ ሆነ፥ «ኮሌዥ» የሚባለው ከአንደኛ ደረጃ ቀጥሎ ያለው የአራት ዓመት መካከለኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ከእርሱ በላይ የሦስት ዓመት ሊሴ አለ። እንግዲህ በቡላኦስና በአምቡሊ ባሉት ኮሌዦች የሚቀመጡት ተማሪዎች ልጅነትን ጨርሰው ያልወጡ፥ ለአካለ መጠንም ያልደረሱ ናቸው። ይህ ዕድሜ ልጅ ከትምህርት በቀላሉ የሚያመልጥበት ዕድሜ ነው። ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ አስቀድሞ አንድ ማለዳ ይቀራል፥ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል፥ የቀረበት ትምህርት ስለሚከብደው በክፍል ዝም ይላል፥ በመጨረሻም ወንበሩ ባዶ ይሆናል። መዝገብ የተፈጠረው ይህን ጉዞ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ለማየት ነው።

ከመዝገቡ በፊት ክትትል አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ የተማሪውን ስም በወረቀት አይጽፉም ነበር፤ ነገር ግን ማን ፊደል እንደ ለየ፥ ማን ዳዊት እንደ ደገመ፥ ማን በዜማው እንደ ተሰናከለ ከቃሉ ሰምተው ያውቁ ነበር። በሶማሌና በአፋር ምድር ባለው የቁርአን ትምህርት ቤትም የልጁ ውጤት በእጁ ላይ ነበር። ልጁ አንቀጹን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲያጠናው ሰሌዳውን አጥቦ ሌላ አንቀጽ ይጽፍበታል። ሰሌዳው ሳይታጠብ የሰነበተ እንደ ሆነ ልጁ መዘግየቱን መምህሩም፥ አባቱም፥ ጓደኞቹም ያለ አስተርጓሚ ያዩታል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምረውና የሚከታተለው አንድ ሰው ነበረ፤ ወላጅና መምህርም አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። የሁለቱም ጉድለት መምህሩ የሚያውቀው ሁሉ ከመምህሩ ጋራ መሄዱ ነው።

የተጻፈው መዝገብ ወደ ጅቡቲ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በፈረንሳይ አገር መጋቢት 28 ቀን 1882 የወጣውና በሚኒስትሩ በዡል ፌሪ ስም የሚጠራው ሕግ፥ ከስድስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲማር አስገደደ። የዚህ ሕግ ብልሃት ማስገደዱ ብቻ አልነበረም፤ የማስገደጃውን መሣሪያ አብሮ መሥራቱ ነበር። እያንዳንዱ የትምህርት ቤት ኃላፊ በየክፍሉ የቀሩትን የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ፥ በወሩም መጨረሻ የቀሩበትን ብዛትና የሰጡትን ምክንያት ጠቅሶ ለከተማው ከንቲባና ለትምህርት ተቆጣጣሪው እንዲልክ ታዘዘ። አንድ ልጅ በወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አራት ጊዜ፥ በየጊዜውም ቢያንስ ግማሽ ቀን የቀረ እንደ ሆነ፥ አባቱ ወይም አሳዳጊው በትምህርት ጉባኤ ፊት ቀርቦ እንዲጠየቅ ተደነገገ። በዚህ አሠራር መዝገቡ በመሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት አልነበረም፤ ከመምህሩ ተነሥቶ ወደ ከንቲባው፥ ከከንቲባው ወደ አባት፥ ከአባትም ወደ ልጁ የሚመለስ መልእክት ነበር። በ1890 ደግሞ ከሃያ ነጥብ የመስጠት ልማድ በፈረንሳይ በደንብ ጸና፤ ይህም አቆጣጠር በጅቡቲ ትምህርት ቤቶች ታወቀ።

ጅቡቲ በ1888 ገደማ ተቆርቁራ በ1896 በኦቦክ ፈንታ የቅኝ ግዛቱ መዲና ሆነች። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ወደቡና ባቡሩ ቋንቋ የሚያውቅ ጸሐፊ፥ ሒሳብ ያዥና አስተርጓሚ ፈለጉ። አስቀድሞ የካፑቺን ሚስዮናውያን፥ በኋላም መንግሥት የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ፍላጎት አገለገሉ። ነገር ግን ለታሪክ ተመልካች አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት መዝገቡንና የውጤት ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፥ የአገሬውን ልጅ ሁሉ የሚያስተምረውን ግዴታ ግን ይዞ አልመጣም። ወንበሩ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ነበር። የቀረውን ልጅ ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ከንቲባ አልተሾመም፤ የቀረው ከቀረ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል። ስለዚህ በእናት አገሩ ልጅን ወደ ክፍል ለመመለስ የተሠራው ወረቀት፥ በቅኝ ግዛቱ ልጅን ለመለየት አገለገለ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ተገለበጠ።

ይህ ማለት ግን የኮሌዡ አሠራር በራሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። በፈረንሳይ ሥርዓት መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ስም ጠርቶ የቀሩትን ይመዘግባል። ዝርዝሩ ወደ ተማሪዎች ተቆጣጣሪው ቢሮ ይሄዳል። ቀርቶ የመጣ ተማሪ በቀጥታ ወደ ክፍል አይገባም፤ በትምህርት ቤትና በቤት መካከል በሚመላለሰው የመልእክት ደብተር ላይ የወላጁን ፊርማ አሳይቶ የመግቢያ ወረቀት ይቀበላል። ዓመቱ በሦስት የተከፈለ ሲሆን፥ በእያንዳንዱ መጨረሻ መምህራኑ በክፍል ጉባኤ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ይነጋገራሉ። ከዚያም «ቡልተን» የሚባለው የውጤት መግለጫ ይወጣል። በእርሱም ላይ ከሃያ የተሰጠው ነጥብ፥ የክፍሉ አማካይ ውጤት፥ የየመምህሩ አጭር አስተያየትና የቀረበት ብዛት በአንድነት ይገኛሉ። ይህ አንድነት ትልቅ ጥበብ ነው። በሒሳብ ከሃያ ሰባት ያገኘ ልጅ ሰነፍ ይባል ይሆናል፤ በዚያው ወረቀት ግርጌ ብዙ ጊዜ መቅረቱ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ጥያቄው ስለ ችሎታው መሆኑ ቀርቶ ስለ ቤቱና ስለ መንገዱ ይሆናል።

በፈረንሳይ የተቆጣጣሪው ማዕረግ «ጠቅላይ ጠባቂ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ በ1970 ግን ተለውጦ «ዋና የትምህርት አማካሪ» ተባለ። የስሙ መለወጥ የሐሳብ መለወጥን ያመለክታል፤ የቀረውን ከመያዝ ይልቅ ለምን እንደ ቀረ መረዳት የሥራው ዋና ክፍል መሆኑ ታወቀ።

በጅቡቲ ይህን ማስተዋል የሚያስቸግሩ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የቋንቋ ነገር ነው። የውጤት መግለጫው በፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ በብዙ ቤት የሚነገረው ግን ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ነው። ፈረንሳይኛ የማያነብ አባት ወረቀቱን ሲቀበል የሚያነብለት ብዙ ጊዜ ያው ልጁ ነው፤ ተከሳሹ የራሱን ክስ ተርጓሚ ሲሆን የሚዘለል ቃል እንደሚኖር ግልጽ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ቤት ደርሷል፥ ተፈርሞም ተመልሷል፤ መልእክቱ ግን አልደረሰም። በእንጨት ሰሌዳው ጊዜ ያልነበረ ግርዶሽ በመምህርና በአባት መካከል ቆመ።

ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ደጋማው አገር ይወጣል፤ ከዘላኖቹ ወገን የሆነውም ከዘመዶቹ ጋራ ወደ ገጠር ይሄዳል። ሙቀቱ ሳይበርድ ትምህርት በመስከረም ሲከፈት የዘገየ ልጅ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። መዝገቡ ይህን መዘግየት ከስንፍና ለይቶ ካልጻፈው፥ በመጀመሪያው የምርመራ ውጤት ላይ የሚታየው ድካም ከየት እንደ መጣ ማንም አያውቅም።

ሦስተኛው የቦታ ጥበት ነው። የተማሪው ብዛት ከክፍሉ ስለ በለጠ፥ በተለይ በአንደኛ ደረጃ አንዱ ክፍል ጧት ለአንዱ ቡድን፥ ከሰዓት በኋላ ለሌላው ቡድን ማገልገል ጀመረ። የ1882ቱ ሕግ መቅረትን የቆጠረው በግማሽ ቀን ነበር። በፈረቃ ለሚማር ልጅ ግን ግማሽ ቀን ማለት የዕለቱ ትምህርት በሙሉ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ምልክት በአንዱ ትምህርት ቤት ግማሽ፥ በሌላው ሙሉ ኪሣራ ነው። ቁጥርን ከሌላ አገር ሲዋሱ መስፈሪያውንም አብሮ መመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጅቡቲ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃነትዋን ስታገኝ የፈረንሳይን ሥርዓት ከነመዝገቡ ተረከበች። ለብዙ ዓመታትም ከአንደኛ ደረጃ ወደ ኮሌዥ የሚያልፉት ተመርጠው ነበር። ታላቁ ለውጥ የመጣው መምህራን፥ ወላጆችና የመንግሥት ሰዎች በታኅሣሥ 1999 በጠቅላላ የትምህርት ጉባኤ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። በ2000 የወጣው የትምህርት መሠረታዊ ሕግ የአንደኛ ደረጃን አምስት ዓመትና የኮሌዡን አራት ዓመት አያይዞ የዘጠኝ ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አደረገው፤ ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ላለ ልጅም ትምህርት ግዴታ እንዲሆን ደነገገ። በዚህም መዝገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ተለይቶት ከቆየው ግዴታ ጋራ ተገናኘ። ከዚህ በኋላ የቀረ ልጅ ለሌላ ተፈላጊ ቦታ የለቀቀ ሳይሆን፥ አገሪቱ ልትፈልገው የሚገባት ልጅ ሆነ። የኮሌዡ ኃላፊም የሚጠየቀው ምን ያህል ተማሪ አጣርቶ እንዳሳለፈ ብቻ ሳይሆን፥ በስድስተኛው ዓመት ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱን እስከ ዘጠነኛው እንዳደረሰ ነው።

በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቀድሞ የጅቡቲ ወጣት ሊሴውን ሲፈጽም ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ በ2000 የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተከፈተ፥ እርሱም በ2006 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በፈረንሳይ የዩኒቨርሲቲ ልማድ በትልቁ አዳራሽ በሚሰጥ ትምህርት ስም አይጠራም፤ በትንንሽ ቡድን በሚደረገው ልምምድ ግን ይጠራል። በኮሌዥ በየሰዓቱ ሲጠራ የኖረ ወጣት በድንገት የሚጠራው ሲያጣ ነፃነቱን እንደ ዕረፍት ሊቆጥረው ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለዚህ በኮሌዥ የሚደረገው ክትትል ግቡ ተማሪው ዘወትር እንዲጠበቅ ሳይሆን፥ ራሱን መጠበቅ እንዲለምድ መሆን ይገባዋል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። የፈረንሳይ ትምህርት በባቡሩ መንገድ ወደ ድሬ ዳዋና ወደ አዲስ አበባ ዘልቋል፤ በ1947 የተከፈተው የሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤትም የዚሁ ሥርዓት ወገን ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተለመደው ግን ከመቶ ነጥብ መስጠትና ተማሪውን አንደኛ፥ ሁለተኛ እያሉ በደረጃ መደርደር ነው። ደረጃ ትጉሁን ያበረታታል፤ ነገር ግን ከሃምሳ ተማሪዎች አርባ ስምንተኛ የወጣው ልጅ ወላጅ ከወረቀቱ የሚያገኘው ኀፍረት እንጂ ምክር አይደለም። የክፍሉ አማካይ ውጤትና የመምህሩ አንድ መስመር አስተያየት ቢጨመርበት፥ የቀረበትም ቀን ከነምክንያቱ በአጠገቡ ቢጻፍ፥ ወላጁ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቃል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፥ የውጤት መግለጫ ጥቅሙ በሽታውን በጊዜው ማሳየቱ ነው።

እንግዲህ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሚሠለጥነው ወጣት መዝገብ አያያዝ ሲማር መስመር ማስመርንና ነጥብ መደመርን ብቻ ተምሮ እንዳይወጣ ያስፈልጋል። ጅቡቲ መዝገብና ውጤት መግለጫ ከነሙሉ ሥርዓቱ ይዛ ለዘመናት ቆይታለች፤ የቀረው ልጅ መፈለግ የጀመረው ግን ፈልጉት የሚል ሕግና ኃላፊነት ሲገኝ ነው። በየክፍሉ ያለው መምህር ይህን ሕግ ከሩቅ መጠበቅ የለበትም። በአንድ ስም አንጻር ሦስተኛውን የመቅረት ምልክት ሲያደርግ፥ አራተኛው ሳይደርስ ልጁን ጠርቶ ይጠይቅ፤ ወላጁንም በሚሰማው ቋንቋ ያነጋግር፤ የሰማውንም ለሚተካው መምህር ጽፎ ያቆይ። የኔታ በቃል ያውቁት የነበረው የተማሪ ጠባይና የፈረንሳዮቹ መዝገብ በአንድ መምህር እጅ የሚገናኙት በዚህ አኳኋን ነው፤ ለተማሪውም ከሁለቱ አንዱ ብቻውን አይበቃውም።